የራዲያተር ጎማ ሲፈነዳ

 የዛሬው ንባባችን ለሹፌሮችና ለረዳቶች፣ እንዲሁም መኪና ባይኖረንም ለምንሳፈር ለሁላችንም ይሆናል። ደብተርና እርሳስ አቅርቡ፤ መጨረሻ ላይ የምንጽፈው አለ።

ጉለሌ ዳገት ነው። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ፣ ወይም ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ ኮፈኗ ተከፍቶ እንፋሎት የሚወጣባት አሮጌ መኪና ዳር ላይ ቆማ ሳያይ አልቀረም። ከማታ ተማሪዎቼ አንዱ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። አንድ ቀን እዚያው ዳገት ላይ የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ ከፈተው። የፈላው ውሃ ቀኝ እጁን ላጠው። ወር ሙሉ ፊደል የጻፈው በግራ እጁ ነው።

ለመሆኑ ነገሩ እንዴት ነው? ሞተር ሲሠራ ይግላል። በውስጡ የሚዞረው ውሃ ሙቀቱን ይዞ በላይኛው ጎማ ወደ ራዲያተር ይገባል፤ እዚያ በነፋስ ይቀዘቅዝና በታችኛው ጎማ ይመለሳል። የድሮዋ ቮልስ ግን በአየር ስለምትቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም። በባሕር ጠረፍ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ከፍታ ሲጨምር ግን ቶሎ ይፈላል፤ መሐል አዲስ አበባ በ92፣ እንጦጦ ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ። የሞተር ውሃ ደግሞ ብዙ ጊዜ 90 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ታዲያ ለምን አይፈላም? ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዘው ነው። ክዳኑ ሲከፈት ወይም ጎማው ሲፈነዳ ግፊቱ ይለቃል፤ ውሃው ባንድ ጊዜ ገንፍሎ ይወጣል። ውሃ የጎደለው ሞተር ከተነዳ ደግሞ ቴስታታው ይጣመማል፤ ያ ማለት የስንት ወር ገቢ ነው።

እንግዲህ ጎማው ከፈነዳ እንዲህ አድርጉ።

አንደኛ፣ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፤ ሞተር አጥፉ፤ የእጅ ፍሬን ያዙ፤ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጉ። ቀዝቃዛ ውሃ ሞተሩ ላይ አታፍስሱ፤ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል።

ሁለተኛ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የላይኛውን ጎማ በእጅ መያዝ ሲቻል ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አላሉት።

ሦስተኛ፣ የቀረውን ውሃ በዕቃ ተቀበሉ። የራዲያተር መድኃኒት ያለበት ውሃ ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ልጅ ወይም ውሻ እንዳይጠጣው መንገድ ላይ አይደፋም።

አራተኛ፣ ፋሼታውን፣ ማለትም ጎማውን ያጠበቀውን የብረት ማሰሪያ፣ በካቻቢቴ አላሉ። ጎማው እምቢ ካለ አትታገሉት፤ በቢላ በቁመቱ ሰንጥቁት። የራዲያተሩ አፍ ስስ ስለሆነ ይሰበራል።

አምስተኛ፣ አሮጌውን ጎማ ይዛችሁ ሶማሌ ተራ ሂዱ። የውስጥ ስፋቱም መታጠፊያውም አንድ ይሁን። በአንዳንድ መኪና የታችኛው ጎማ ውስጥ የሽቦ ጥምዝ አለ፤ እሱን አትጣሉ። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ሙቀቱን አይችልም።

ስድስተኛ፣ የራዲያተሩን አፍ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። ፋሼታዎቹን አስቀድማችሁ ጎማው ላይ አጥልቁ፤ ጎማውን ከአፉ ጠርዝ አሳልፋችሁ ግፉ፤ ከጠርዙ ኋላ እሰሩ። ከመጠን በላይ ማጥበቅ ጎማውን ይቆርጠዋል።

ሰባተኛ፣ ውሃውን ቀስ ብላችሁ ሙሉ። ክዳኑ እንደተከፈተ ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ አስነሱት፤ አረፋው ሲያልቅ የጎደለውን ሞልታችሁ ክደኑ። በማግሥቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ እንደገና እዩት።

ሰው ቢቃጠልስ? ወዲያው በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል ይያዝ፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባም።

በሉ እንግዲህ፣ እርሳሳችሁን አንሱ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ሞተር ሲግል ክዳን አይከፈትም።» አራት ቃል ነው። ያ ተማሪዬ በዳነው ቀኝ እጁ ጽፎ ኮፈኑ ውስጥ ለጥፎታል። እናንተም ለምታውቁት ሹፌር ጽፋችሁ ስጡ፤ ማንበብ ካልቻለ አንብቡለት።