ከሥሩ እስከ ጫፉ የተሳለ ምላጭ

ስለ ታጣፊው የጢም ምላጭ ልንገራችሁማ! ቢላ ስንስል ጀርባውን ከድንጋዩ ከፍ አድርገን ማዕዘኑን በእጃችን እንጠብቃለን። ምላጭ ግን ጀርባውም ስለቱም አንድ ላይ ድንጋዩ ላይ ይተኛል። ማዕዘኑን የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ነው፤ ሁለቱ ጎኖች ስለቱ ላይ የሚገናኙት አብዛኛውን ጊዜ በ16 ወይም በ17 ዲግሪ ግድም ነው። የዞሊንገን ወይም የሼፊልድ ምላጭ ሠሪ ይህን ስሌት ብረቱ ላይ ጨርሶላችኋል።

ታዲያ ምኑ ያስቸግራል? ርዝመቱ። ስለቱ 7 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ድንጋዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይጠባል። በቤልጂየም አርደን፣ ቪልሳልም አካባቢ የሚወጣው ኮቲኩል የተባለው ቢጫ ድንጋይ፣ ደቃቅ የጋርኔት ቅንጣት የሞላበት ግሩም ነገር ነው፤ ግን 4 ሴንቲሜትር ብቻ ስፋት ያለው ብዙ ነው። ምላጩን ቀጥ አድርጋችሁ ብትገፉት ከፊሉ ይሳላል፣ ከፊሉ ድንጋይ ሳይነካው ይቀራል።

ስለዚህ በሰያፍ ግፉት። ከሥሩ፣ ከእጀታው አጠገብ ጀምሩ፤ ስለቱን አስቀድማችሁ ወደ ፊት ስትገፉ በዚያው ወደ እጀታው በኩል ሳቡት። ድንጋዩ ሲያልቅ ጫፉ ብቻ ይቅር። ከዚያ በጀርባው አገላብጡትና በሌላው ጎን ተመለሱ።

አሁን የምወደው ክፍል መጣ። የስለቱን ጠርዝ በማርከር አጥቁሩና ሁለት ሦስቴ ግፉት። ቀለሙ የለቀቀበትን ድንጋዩ ነክቶታል፤ ያልለቀቀበትን አልነካውም። ጫፉ ላይ ቀለም ቢቀር እጃችሁ መጫን ያምረዋል፤ እባካችሁ ተዉት! ቀጭኑ ብረት ይለመጥና ሌላው ቦታ ይበላሻል። ይልቅ ድንጋዩን እዩት፤ በእርሳስ መስመር አስምሩበትና መስመሩ እኩል እስኪጠፋ ድረስ ፍጹም ጠፍጣፋ ነገር ላይ በሻካራ ወረቀት ፈግፍጉት። ድንጋዩ ደህና ሆኖም ቀለሙ ከቀረ፣ ምናልባት ስለቱ ራሱ ትንሽ ጎበጥ ያለ ይሆናል። ያኔ ወደ ጫፉ ስትቃረቡ እጀታውን በጣም በጥቂቱ ከፍ አድርጉት፤ የሚነካው ቦታ ከሥር ወደ ጫፍ እየተንሸራተተ ይሄዳል።

በሻካራው ባለ 1000 ቁጥር ድንጋይ ስትጨርሱ ስለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ መብራት ስር እዩት። የዶለዶመ ቦታ ብርሃን ይመልሳል፤ በደንብ የተገናኘ ስለት ግን አያብረቀርቅም። አንዲት ነጥብ እንኳ ካብለጨለጨች ወደ ደቃቁ ባለ 8000 ቁጥር ድንጋይ አትለፉ፤ ደቃቁ ድንጋይ ያለውን ያለሰልሳል እንጂ የጎደለውን ቶሎ አይሞላም። በመጨረሻ ምላጩ የሚታሽበት ቆዳ ላይ ስትደርሱ ደግሞ አቅጣጫው ይገለበጣል፦ ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል።