የእናት ድምፅና የመንግሥት ለውጥ

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ጎጂ አባባል በቤት ውስጥ ካደረሰው በደል ይልቅ በአገር ጉዳይ ያደረሰው ይከፋል። መንግሥት ሊለወጥ ሲል የሚመክረው ወንዱ ሲሆን፣ ልጅ አዝላ የምትሸሸው ግን እናት ናት። በ1967 ዓ.ም. ዘውዳዊው ሥርዓት የወረደውም ሆነ በ1983 ዓ.ም. ደርግ የወደቀው በጦር ኃይል እንጂ በድምፅ መስጫ ሳጥን አልነበረም። ስለዚህ «ለውጥ መጣ» ሲባል ብዙ እናቶች አስቀድመው የሚያስቡት ልጅ መሰብሰብንና እህል መሸሸግን ነው።

ዳሩ ግን ሌላ መንገድ አለ። በሕንድ አገር በምዕራብ ቤንጋል ክፍለ ግዛት ለ34 ዓመታት የገዛው የግራ ግንባር በ2003 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ተሸንፎ ወረደ። አሸናፊውን ፓርቲ የመሩት ማማታ ባነርጂ የተባሉ ሴት ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ፣ በአልበርታ ክፍለ ግዛት፣ ከ40 ዓመታት በላይ የቆየው ፓርቲ በሌላ ሴት፣ በሬቸል ኖትሊ በተመራ ፓርቲ ተተካ። በሁለቱም ስፍራ ወሳኙ መራጩ ሕዝብ ነበር።

«ይህ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ እኅቶች ብትኖሩ ወደ ቡለን እንመለስ። ቡለን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን የምትገኝ፣ ሺናሻው፣ ጉሙዙ፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አገው በጉርብትና የሚኖሩባት ወረዳ ናት። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በወረዳው በኩጂ ቀበሌ በተፈጸመ ጥቃት ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቆ ነበር። ቤቶች ተቃጠሉ፤ የተረፉትም ወደ ቡለን ከተማ ሸሹ።

ከዚህ ጥቃት ልክ 6 ወር በኋላ፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ሲካሄድ፣ መተከል በጸጥታ ችግር ምክንያት ወደ ኋላ ቀረ። በክልሉ ቀሪው ምርጫ የተደረገው ሰኔ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። እንግዲህ ሰላም የሌለበት አካባቢ ሕይወትና ንብረት ብቻ ሳይሆን፣ አስተዳዳሪውን የመምረጥና የመሻር ሥልጣኑንም ያጣል ማለት ነው።

ሥልጣኑስ ምንድን ነው? መራጩ ለክልሉ ምክር ቤት ተወካዮቹን ይመርጣል፤ ምክር ቤቱ ርእሰ መስተዳድሩን ይሰይማል፤ ርእሰ መስተዳድሩም ካቢኔውን አቅርቦ ያስጸድቃል። ስለሆነም የክልል መንግሥት የሚጸናውም ሆነ የሚለወጠው በምክር ቤቱ መቀመጫ ብዛት ነው። አንዲት እናት የምትሰጠው ድምፅ የጤና ኬላው መድኃኒት፣ የምንጩ ውኃ፣ የተፈናቀለው ጎረቤት መመለስ በማን እጅ እንደሚሆን ይወስናል።

ስለዚህ እኅቶቻችን ሆይ፣ የሚከተሉትን ልብ በሉ። 18 ዓመት የሞላት ሴት ከባሏ እኩል መራጭ ናት። የመራጭነት ካርዷን ራሷ ትያዝ እንጂ ለማንም አደራ አትስጥ። ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ስለሆነ ማንን እንደመረጠች ባልም ሆነ ሽማግሌ ሊጠይቃት አይገባም። ማንበብ የማትችል እናት የዕጩውን የምርጫ ምልክት አስቀድማ ለይታ ትወቅ፤ በጣት አሻራዋም መምረጥ ትችላለች። ዕጩዎች ወደ ቀበሌው ሲመጡ ቡና አፍልቶ ማስተናገድ ብቻ በቂ አይደለም። «አዋላጅ ነርስ መቼ ታመጡልናላችሁ? ልጆቻችን ትምህርት ቤት በሰላም ውለው የሚገቡትስ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ካርድ የሞተን አያስነሳም፤ የተቃጠለንም ጎጆ በአንድ ቀን አያቆምም። ነገር ግን ያላስደሰተን መንግሥት ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳይሰደድ ለማውረድ ከካርድ የተሻለ መሣሪያ የለም። ይህ መሣሪያ እንዲሠራ ደግሞ የሺናሻዋና የጉሙዟ፣ የአማራዋና የኦሮሞዋ፣ የአገዋም እናት በገበያና በውኃ መንገድ ያላቸውን ጉርብትና አጥብቀው ሊጠብቁ ይገባል። በምርጫው ቀን ተከታትለው የሚሰለፉት እነርሱው ናቸውና።