የኦቶሞቢል ሕመም ሳይብስ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ኦቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ሲገባ ሰው ሁሉ የሚደነቅበት ነገር ነበረ። ዛሬ ግን ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት፥ በሽተኛውን ወደ ሐኪም የሚያደርስ የቤተ ሰብ አገልጋይ ሆኗል። ስለዚህ በዚህ ገጽ ስለ ሕመሙ ጥቂት ብንጽፍ ያለ ቦታው የገባ አይሆንም። አሳባችን የመካኒክን ሥራ ለማስተማር አይደለም። ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ሾፌር ያላቸውም ቢሆኑ፥ ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ጥፋቱ በወዴት በኩል እንደ ሆነ እንዲለዩ፥ ይልቁንም ሰው ከሚጐዳው ነገር እንዲጠበቁ ነው።

ከሁሉ አብዝቶ የሚያስቸግረው ሞተሩ በማለዳ አልነሣ ማለቱ ነው። ብዙ ሰው ወዲያው «ባትሪው ሞተ» ብሎ አዲስ ይገዛል። ይህ ምስክር ሳይሰሙ እንደ መፍረድ ነው፤ ምስክሩም ድምፁ ነው። ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚል ፈጣን ድምፅ ቢሰማና መብራቱ ቢደበዝዝ የባትሪው ኃይል እንዳነሰ ያመለክታል። መብራቱ እንደ ደመቀ አንዲት «ቀጭ» ብቻ ተሰምታ ዝም ቢል ሞተሪኖውን ወይም ወደ እርሱ የሚሄደውን ሽቦ መጠርጠር ይገባል። ሞተሪኖው እንደ ወትሮው በብርታት እያዞረ ሞተሩ ካልተነሣ ግን ባትሪው በደል የለበትም፤ ጥፋቱ በነዳጅ ወይም በካንዴላ በኩል ይፈለጋል። ከዚያም አስቀድሞ ነዳጅ መኖሩን መመልከት አያሳፍርም።

ኃይል አንሷል ከተባለም በኋላ ኮፈኑን ከፍቶ የባትሪውን ሁለት ራሶች ማየት ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት የያዘ፥ ወይም በእጅ ሲነኩት የሚወዛወዝ ሞርሴቶ ደኅናውን ባትሪ የሞተ ያስመስለዋል። ሲያጸዱት የመቀነስ ምልክት ያለውን ሽቦ አስቀድሞ መፍታት፥ በሞቀ ውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ በብሩሽ መፈግፈግ፥ ካደረቁም በኋላ ያንኑ ሽቦ መጨረሻ ማሰር ነው። ከባትሪ የሚወጣው ሃይድሮጅን እሳት ሲያገኝ ይፈነዳልና በአጠገቡ ሲጋራ ማጨስ አይገባም።

ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሲሆን፥ ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ፥ በመለኪያው 12.6 ቮልት ያኽል ያሳያል። ሞተሩ ሲነሣ በአብዛኞቹ ኦቶሞቢሎች ከ13.5 እስከ 14.5 ይደርሳል። ከፍ ካላለ ጥፋተኛው ዲናሞው ወይም የሚያዞረው ቺንጊያ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን አዲስ የተገዛውም ባትሪ ወዲያው ባዶ ይሆናል። ባንድ ዓመት ሁለት ባትሪ የገዛ ሰው ብናይ ስለዚህ አንደነቅም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት ኦቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በዝተዋል። በአብዛኞቹም ውስጥ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለ፤ እርሱ ሲደክም ትልቁ ሙሉ ሳለ ኦቶሞቢሉ አልንቀሳቀስ ይላል። ብርቱካን ቀለም ያላቸው ወፋፍራም ሽቦዎች ግን በብዙ መቶ ቮልት የሚቈጠር፥ ሰው የሚገድል ኃይል የሚያስተላልፉ ናቸውና ለሠለጠነ ሠራተኛ ብቻ ይተዉ።

ስለ ሙቀት ደግሞ እንናገር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ስላላት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ያኽል ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግን ውሃውን በግፊት አፍኖ ስለሚይዘው ከዚህ በላይ ግሎም ሳይፈላ ይቈያል። መርፌው ወደ ቀዩ ሲደርስ ቸኵሎ ክዳኑን የሚከፍት ሰው፥ የታፈነው ውሃ ባንድ ጊዜ ፈልቶ ፊቱንና እጁን ይቀቅለዋል። ልጆችን ማራቅ፥ ሞተሩን አጥፍቶ በጣም እስኪበርድ ድረስ፥ ግማሽ ሰዓትም ቢያልፍ፥ መታገሥ ይገባል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ከበረደ በኋላ ቱቦዎቹንና ማራገቢያውን መመርመር ነው፤ ወደ ውጭ ሳያፈስ ውሃው የሚጐድልና ነጭ ጢስ የሚበዛ ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይቃጠል አልቀረም።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው ቍልቍለት ከ1000 ሜትር ይበልጣል። በዚያ ነዳጅ ለመቈጠብ ሲሉ ማርሹን ነፃ አድርገው የሚወርዱ አሉ፤ ይህ ታላቅ ድፍረት ነው። ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ሲወድቅ ይግላል፤ የፍሬኑም ዘይት ከአየር እርጥበት የሚስብ ስለ ሆነ ሲያረጅ ቶሎ ይፈላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ስለዚህ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ያኽል መለወጥ፥ ቍልቍለቱም ሳይጀመር ወደ ዝቅተኛ ማርሽ መግባት ያስፈልጋል። የቃጠሎ ሽታ ከመጣ በሜዳማ ቦታ አቁሞ፥ ጎማውን በድንጋይ አስደግፎ፥ ውሃ ሳይደፉበት በነፋስ እስኪበርድ መቈየት ነው።