ኮላጅን፣ ብራናና የላስታ ፀሐይ

ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ጾም ላስታ፣ ላሊበላ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ከቅዳሴ መልስ ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ላይ ስንደርስ፣ ከቁም ሳጥኗ አንድ ክብ ጣሳ አውጥታ ጉልበቴ ላይ አኖረችው። ልጇ ከአሜሪካ በሰው እጅ የላከችላት ነው። «ጠዋት ጠዋት በውሃ በጥብጠሽ ጠጪው፣ ፊትሽን ይመልሰዋል ብላኛለች። እስቲ አንብብልኝ፤ የጾም ነው የፍስክ?»

አነበብኩላት። ኮላጅን ነው፤ የተሠራው ከከብት ቆዳ። «የፍስክ ነው እቴቴ» አልኳት። ጣሳውን ከእጄ ተቀብላ ወደ ቦታው እየመለሰች፣ «እሺ፣ ጾሙ ሲፈታስ ብጠጣው ይሠራል?» አለችኝ።

ይህንኑ ጥያቄ አዲስ አበባ ውስጥም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ዱቄቱ በመድኃኒት ቤት፣ በመዋቢያ መደብርና በቴሌግራም ይሸጣል፤ አንዱ ጣሳ በሺዎች የሚቆጠር ብር ያስወጣል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ደግሞ በቅጡ የተብራራ መልስ ያስፈልገዋል።

ኮላጅን ምን እንደሆነ ለላስታ ሰው ለማስረዳት ከብራና የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ብራና ፋቂው የፍየል ቆዳ ለቀናት ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፋል፤ ዙሪያውን እየበሳ በገመድ ከእንጨት መወጠሪያ ጋር ያስረዋል፤ ከዚያ ሥጋውንና ስቡን በአንድ በኩል፣ ጠጉሩን በሌላ በኩል በስለት ይፍቃል። ቆዳው እንደተወጠረ ይደርቃል። ተፍቆ ተፍቆ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ነጣ ያለ ነገር ከሞላ ጎደል ኮላጅን ነው። ተፈጥሮው እንደ ገመድ ነው፤ ሦስት ረጃጅም ክሮች እርስ በርስ ተጠማዝዘው አንድ ይሆናሉ፣ እነዚያ ደግሞ ተደራርበው ይበልጥ ይወፍራሉ። ጥንካሬውን ለማየት ዓድዋ አጠገብ ባለው ገዳም የሚገኙትን የአባ ገሪማ የብራና ወንጌሎች ማሰብ ይበቃል። በካርበን ምርመራ ዕድሜያቸው ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑ ታውቋል። የፍየል ቆዳ ከ1,300 ዓመት በላይ ጽሑፍ ተሸክሞ ቆይቷል።

ይኸው ገመድ ሙቀት አይችልም። አጥንት ለረጅም ጊዜ ሲቀቀል ኮላጅኑ ይፈታና ጄላቲን ይሆናል። መረቁ አድሮ ሲቀዘቅዝ እየተንቀጠቀጠ የሚረጋው ለዚህ ነው። ፋብሪካው ከዚህ አንድ እርምጃ ይቀጥላል፤ የተፈታውን ክር በኢንዛይም ይቆራርጠዋል። ቁርጥራጩ በቀዝቃዛ ውሃም ይሟሟል፣ ብዙ ጣዕምም የለው። በአክስቴ ጣሳ ውስጥ ያለው ይህ ነው። ከከብት ሌላ ከአሳማ ቆዳና ከዓሣ ቅርፊትም ይሠራል፤ ስለዚህ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ከመግዛቱ በፊት ምንጩን ማስነበብ አለበት። «ከዕፅዋት የተገኘ ኮላጅን» የሚባለውም ኮላጅን አይደለም፤ ዕፅዋት ኮላጅን አይሠሩም።

አሁን ወደ ሰው ቆዳ እንምጣ። ከላይኛው ስስ ሽፋን ሥር ያለው ወፍራም ክፍል ውሃው ቢወጣለት፣ ከክብደቱ ሦስት አራተኛ የሚሆነው ኮላጅን ነው። ቆዳን ወጥሮ የሚይዘው እሱ ነው። ከጉልምስና ጀምሮ በየዓመቱ ወደ 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሴት ስታርጥ ደግሞ ቅነሳው ይፈጥናል፤ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ብቻ ወደ 30 በመቶ የሚጠጋው ሊሄድ ይችላል። አክስቴ «በሁለት ዓመት ውስጥ ፊቴ ሌላ ሰው ሆነ» ያለችው እውነቷን ነው፤ መስታወቱ አላታለላትም።

ታዲያ የጎደለውን በአፍ መሙላት ለምን አይቻልም? ሆድ የዋጥነው ነገር ከየት እንደመጣ አይለይም። ሥጋም ይሁን ሽሮ ወይም ኮላጅን፣ ፕሮቲን ሁሉ አሚኖ አሲድ ወደሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች ይበተናል፤ ሰውነት እነሱን ለጡንቻ፣ ለደም፣ ለጉበት እንዳስፈለገው ያከፋፍላል። «ይህ ለፊት የተላከ ነው» የሚል አድራሻ የላቸውም። ይህን ብቻ ይዘው «ዱቄቱ ከንቱ ነው» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። እኔ ግን ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል አልልም። በ2005 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ሰዎችን ጄላቲን አጠጥተው ደማቸውን ሲመረምሩ፣ ሙሉ በሙሉ ያልተበተኑ፣ ሁለት ሁለት ሆነው የተያያዙ ቁርጥራጮች አግኝተዋል። እነዚህ ቁርጥራጮች ቆዳ ውስጥ ላሉት ኮላጅን ሠሪ ሕዋሳት «ገመዱ ተበጥሷል፣ ሥሩ» የሚል መልእክት ያደርሱ ይሆናል የሚል ሐሳብ አለ። ሐሳቡ የሚያስኬድ ነው። የሚያስኬድ ሐሳብ ግን በሰው ላይ ተፈትኖ መታየት አለበት።

ተፈትኗል፣ ብዙ ጊዜ። በ2014 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ከ35 እስከ 55 ዓመት የሆናቸው 69 ሴቶች በተሳተፉበት ሙከራ፣ ለ8 ሳምንታት በቀን 2.5 ወይም 5 ግራም የወሰዱት የቆዳቸው የመለጠጥ አቅም እንደተሻሻለ ተዘገበ። በ2021 እ.ኤ.አ. 19 ጥናቶችንና 1,125 ሰዎችን ያጣመረ ግምገማም ቆዳ እርጥበት እንደሚጨምርና መጨማደድ እንደሚቀንስ ጻፈ። ሻጮች የሚጠቅሱት እነዚህን ነው፤ ውሸትም አይደሉም።

በ2025 እ.ኤ.አ. ግን ሌላ ግምገማ ወጣ። 23 ሙከራዎችን፣ 1,474 ሰዎችን ሰበሰበ። ሁሉም አንድ ላይ ሲደመሩ ኮላጅን የጠቀመ መሰለ። ከዚያ ጸሐፊዎቹ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቁ፤ ወጪውን የሸፈነው ማን ነው? ከኩባንያ ገንዘብ ያገኙትን ወደ አንድ ወገን፣ ያላገኙትን ወደ ሌላ ወገን ሲለዩ፣ ጥቅሙ የታየው በመጀመሪያዎቹ ብቻ ሆነ። ኩባንያ ያልከፈለባቸው ሙከራዎች በእርጥበትም፣ በመለጠጥም፣ በመጨማደድም ትርጉም ያለው ለውጥ አላሳዩም። በጥራታቸው ከፍ ያሉትም እንዲሁ።

ይህ ማለት ተመራማሪዎቹ ቀጣፊዎች ናቸው ማለት አይደለም። ያልተሳካ ሙከራ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፣ የተሳካው ይታተማል። ከተለኩት ብዙ ነገሮች ጥሩ የሆነው ጎልቶ ይወጣል። ዱቄቱ ውስጥ ቫይታሚንና ሌላ ነገር ተቀላቅሎ የትኛው እንደሠራ ሳይለይ ይቀራል። ለውጥ ተገኘ ሲባል ደግሞ ቆዳን ስቦ በሚለካ መሣሪያ የታየ ጥቂት ልዩነት ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤት አይቶ «ምን ተቀባሽ?» የሚለው ዓይነት አይደለም። እንደኔ እንደኔ፣ አሁን ባለው ማስረጃ ኮላጅን ዱቄት ለዋጋው የሚበቃ ሥራ አይሠራም። ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ሆድ መንፋት፣ ዓሣ ለማይስማማው ደግሞ አለርጂ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ምንም የፕሮቲን ዱቄት አይጀምር።

አክስቴን አንድ ነገር እንድታደርግ ጠየቅኋት፤ የቀሚሷን እጅጌ እስከ ትከሻ ሰብስባ ክንዷን ከብብት ሥር እንድታይና ከእጇ ጀርባ ጋር እንድታስተያይ። አየች፣ ዝም አለች፣ ደግማ አየች። ብብቷ አጠገብ ያለው ቆዳ ለስላሳ፣ አንድ ወጥ ቀለም ያለው፣ የወጣት ነው። የእጇ ጀርባ ደግሞ የተሸበሸበ፣ ነጠብጣብ የበዛበት። ሁለቱም ዕድሜያቸው እኩል ነው፤ ሁለቱም አንድ ገበታ በልተዋል። ልዩነታቸው አንዱ 60 ዓመት ፀሐይ ሲያይ ሌላው አለማየቱ ነው። እርሻ ላይ የዋለ ገበሬ ማጅራቱና ጀርባውም እንዲሁ ይለያያሉ።

የላስታ ፀሐይ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ወደ ላይ በ1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ቆዳ የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በዚያ ላይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ አጋማሽና ነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ በትክክል አናታችን ላይ ትቆማለች። እኔና አክስቴ የተነጋገርነው ከነዚህ በአንዱ ሰሞን ነበር፤ ነገር ግን ጭጋግና ብርድ ስለነበር ማንም ልብ አላለም። የደጋ ብርድ ያታልላል። ሙቀትና ጨረር የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ስስ ደመናን ጨረሩ ያልፈዋል። ቆዳ ውስጥ ሲደርስ ኮላጅንን የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን ይቀሰቅሳል፤ ይህ እንዲሆን ቆዳ መቃጠል እንኳ አያስፈልገውም። የቆዳ ኮላጅን ግማሹ ለመታደስ 15 ዓመት ያህል ስለሚወስድ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የተቆረጠው ተጠራቅሞ መጨማደድ ይሆናል።

ጥቁር ቆዳ መከላከያ አለው። ከነጭ ቆዳ ጋር ሲነጻጸር ወደ ውስጥ የሚያሳልፈው ጨረር ሲሶ ያህል ነው፤ ስለዚህ የእኛ መጨማደድ ዘግይቶ ይመጣል። ግን ሲሶው በየቀኑ፣ ለዕድሜ ልክ ይገባል።

ፀሐይን መከላከል እንደሚሠራ የተረጋገጠው በጠንካራ ሙከራ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ55 በታች የሆኑ 903 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ለ4 ዓመት ተኩል ክትትል ተደረገላቸው። በየቀኑ የፀሐይ መከላከያ ክሬም የተቀቡት፣ በፈቀዳቸው ጊዜ ከተቀቡት ይልቅ የቆዳ እርጅናቸው በ24 በመቶ ያነሰ መሆኑ በ2013 እ.ኤ.አ. ታተመ። ክሬም ላላገኘ ጥላ አለ። የላሊበላ ካህናትና እናቶች በጠራራ ፀሐይ ጥላ ይዘው ሲሄዱ ስናይ የኖርነው ልማድ ቆዳን ይጠብቃል፤ ነጠላን ወደ ግንባር ሳብ ማድረግም እንዲሁ። ቅዳሜ ገበያ የሚወርድ ሰው ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለውን ፀሐይ ቢያንስ ሰፊ ባርኔጣ አድርጎ ይለፈው።

ቆዳን በማስረጀት ጭስም አለበት። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የቻይና ጥናት፣ በእንጨትና በከሰል የሚያበስሉ ሴቶች ፊታቸው ይበልጥ የተጨማደደ መሆኑን አሳይቷል። ማድቤቱ ጭስ መውጫ ካለው ለሳንባም ለፊትም ይጠቅማል።

አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ፊት «ለማጥራት» ተብለው በየሱቁ ከሚሸጡት ቅባቶች ብዙዎቹ ስቴሮይድ አላቸው። ለሳምንታት ፊትን ያበራሉ፤ ሲቆዩ ግን ሕዋሳቱ ኮላጅን እንዳይሠሩ አድርገው ቆዳን ያሳሳሉ፣ የደም ሥር እንዲታይ ያደርጋሉ። ለቆዳዋ ኮላጅን እየጠጣች ይህን የምትቀባ ሴት በአንድ እጇ የምታስገባውን በሌላው ታወጣለች፤ ከሁሉም የሚያስቸኩለው ይህን ቅባት ማቆም ነው። ረጅም ጊዜ የተቀባች ሴት ፊቷ በድንገት ሊቀላና ሊያቃጥላት ስለሚችል ሐኪም አማክራ ብታቆም ይሻላል። ደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ደግሞ አለርት ሆስፒታል አለ።

የምግቡ ነገር ደግሞ ቀላል ነው። ሰውነት ኮላጅን የሚሠራው ከማንኛውም ፕሮቲን ነው፤ በጾም ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስርና አተር ይበቃሉ። ክሩን ለመግመድ ቫይታሚን ሲ የግድ ያስፈልጋል። ይህ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በሶማሊያና በሱዳን በኢትዮጵያውያን ስደተኞች መጠለያዎች ታይቷል፤ እርዳታው እህልና ዘይት ብቻ ሆኖ ብዙዎች በስከርቪ ታመሙ፣ ድዳቸው ደማ፣ መገጣጠሚያቸው አበጠ። በቀን አንድ ሁለት ጥሬ ቃሪያ፣ ሎሚ ወይም ብርቱካን ይህን ያስቀራል። ከሚያስፈልገው በላይ መጨመር ግን መጨማደድ አይመልስም።

አክስቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ሦስተኛውን ቡና ቀዳች። «ታዲያ ለልጄ ምን ልበላት? ደክማ የላከችው ነው» አለችኝ። «አመስግኛት» አልኳት፣ «ቀጥሎ የሚመጣ ሰው ስታገኝ ግን ክፈፉ ሰፊ ባርኔጣና ኤስፒኤፍ 30 የሚል የፀሐይ ክሬም ትላክልሽ።»