የመኪና ጩኸትና እንቅልፍ

ወረታ የመንገድ መገናኛ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደርም ሆነ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ መኪና በዚያ ያልፋል። ከፎገራ ሜዳ ሩዝ ይዞ የመጣ ገበሬ ከዘመዱ ቤት ቢያድር፣ የከባድ መኪና ድምፅ ያባንነዋል። ክላክስማ ድንገተኛ ነውና ይብሳል። ዘመዱ ግን «እኛስ ለምደነዋል» ይለዋል።

እውነቱን ነው፤ ጆሮ ይለምዳል። ሰውነት ግን ሙሉ በሙሉ አይለምድም። የተኛ ሰው ባይነቃም እንኳ፣ መኪና ሲያልፍ ልቡ ቶሎ ቶሎ ሊመታ ይችላል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ለልብ ሕመም ያጋልጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. የሌሊት የመንገድ ድምፅ፣ ዴሲቤል በሚባለው የድምፅ መለኪያ፣ ከ45 በታች እንዲሆን መክሯል። ይህም ሁለት ሰዎች ሲያወጉ ከሚሰማው ያነሰ ነው። በመንገድ ዳር ቤት የምትሠሩ፣ መኝታውን ወደ ጓሮ አድርጉት።