የድረ ገጽ ፕሮግራም መፈተሻ ሶፍትዌር ተከላ፡- ችግሮቹና መፍትሔዎቻቸው

መሥሪያ ቤቶች ለሕዝብ የሚሰጡት አገልግሎት ወደ ድረ ገጽ በተሸጋገረ ቁጥር፣ ከአገልግሎቱ በስተጀርባ ያለው ፕሮግራም ትክክለኛነት የኮምፒዩተር ባለሙያው ጉዳይ ብቻ መሆኑ ይቀራል። የልደት ቀን የሚመዘግብ ቅጽ ስሌቱን ቢያዛባ ጉዳቱ የሚደርሰው በባለጉዳዩ ላይ ሲሆን፣ ስህተቱን የማረም ኃላፊነት ደግሞ በመሥሪያ ቤቱ ላይ ይወድቃል።

ይህን መሰሉን ስህተት አስቀድሞ ለመያዝ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ ዩኒት ቴስቲንግ የተባለው አሠራር ነው። አሠራሩ ፕሮግራሙን በትናንሽ ክፍሎች ለይቶ፣ እያንዳንዱ ክፍል የሚጠበቅበትን ውጤት መስጠቱን በሌላ ፕሮግራም አማካይነት ያረጋግጣል። ለምሳሌ ቀን የሚመዘግበው ክፍል ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም የሚለውን መቀበል፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ዓ.ም የሚለውን ግን መመለስ ይኖርበታል። ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ በመሆኑ ነው። ፍተሻው አንድ ጊዜ ከተጻፈ ፕሮግራሙ በተሻሻለ ቁጥር ያለ ተጨማሪ ድካም ይደገማል።

ፒ ኤች ፒ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለሚሠሩ ድረ ገጾች በሰፊው የሚያገለግለው መፈተሻ፣ በጀርመናዊው ሰባስቲያን በርግማን የተዘጋጀው ፒ ኤች ፒ ዩኒት ነው። ሶፍትዌሩ ያለ ክፍያ የሚገኝ ሲሆን፣ ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉት ግን ገና በተከላው ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የችግሩ ምንጭ ሶፍትዌሩ ሳይሆን በመሣሪያው፣ በቋንቋው ዕትምና በኮምፒዩተሩ ዝግጅት መካከል ያለው አለመጣጣም ነው።

የመጀመሪያው ችግር ጊዜ ባለፈበት መመሪያ መሥራት ነው። ቀደም ሲል መሣሪያው ፒር በተባለው ማከፋፈያ በኩል ይጫን የነበረ ሲሆን፣ ይህ መንገድ እ.ኤ.አ በ2014 መጨረሻ ተዘግቷል። በአሁኑ ጊዜ የተለመደው ኮምፖዘር በተባለው መሣሪያ አማካይነት ለእያንዳንዱ ሥራ ለብቻው መጫን ነው። መመሪያው ፒርን የሚጠቅስ ከሆነ ጊዜው ያለፈበት መሆኑን መገንዘብ ይገባል።

ሁለተኛው የዕትም አለመጣጣም ነው። ዐሥረኛው ዕትም ቢያንስ ፒ ኤች ፒ 8.1፣ ዐሥራ አንደኛው 8.2፣ ዐሥራ ሁለተኛው ደግሞ 8.3 ይፈልጋል። ኮምፖዘር የተጠየቀውን ማሟላት እንዳልቻለ ሲገልጽ በኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ዕትም አይቶ የሚስማማውን መምረጥ መፍትሔ ነው። ማስጠንቀቂያውን አልፎ በግድ መጫን ችግሩን ለሌላ ጊዜ ከማስተላለፍ ያለፈ ጥቅም የለውም። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ከአንድ በላይ የፒ ኤች ፒ ዕትም ሊኖር ስለሚችል፣ ድረ ገጹ የሚጠቀምበትና ከትእዛዝ መስጫው የሚነሳው አንድ መሆናቸውንም ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የቅጥያዎች መጓደል ነው። መሣሪያው ኤም ቢ ስትሪንግና ኤክስ ኤም ኤልን የመሳሰሉ ቅጥያዎች ያስፈልጉታል። በዊንዶውስ ላይ ከማስተካከያው ፋይል ውስጥ ከቅጥያው ስም ፊት ያለውን ነጠላ ሰረዝ መሰል ምልክት ማንሳት፣ በኡቡንቱ ላይ ደግሞ ቅጥያውን ለብቻው መጫን ችግሩን ይፈታዋል። ኤም ቢ ስትሪንግ በአማርኛ ለሚሠሩ ድረ ገጾች ከመፈተሻው ውጭም አስፈላጊ ነው። በዩ ቲ ኤፍ 8 አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ተራው የፒ ኤች ፒ ቆጣሪ “ሰላም” የሚለውን ቃል ዘጠኝ ብሎ ይቆጥረዋል፤ በቅጥያው የሚሠራው ቆጣሪ ግን ሦስት ይላል። ስም የሚቀበል ቅጽ በተራው ቆጣሪ ርዝመት ከወሰነ የባለጉዳዩን ስም ከፊደል መሐል ቆርጦ ሊመዘግብ ይችላል።

አራተኛው ተከላው ተጠናቆ መሣሪያው አለመገኘቱ ነው። ትእዛዙ አልታወቀም የሚል መልስ ሲመጣ መሣሪያው በሥራው ማኅደር ሥር፣ ቬንደር በተባለው ፎልደር ውስጥ ስለሚቀመጥ ከዚያው መነሳት አለበት። የመፈተሻው መሠረታዊ ክፍል አልተገኘም ከተባለ ደግሞ ፍተሻው በቀድሞው አሰያየም የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ አሰያየሙ እ.ኤ.አ በ2017 በወጣው ስድስተኛ ዕትም ተለውጧል። ምንም ፍተሻ አልተካሄደም የሚለው መልእክት ግን የተከላ ጉድለት ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ ፋይሎቹ መሣሪያው በሚያውቀው መንገድ አለመሰየማቸውን ያመለክታል።

ከእነዚህ ሁሉ የከፋው ምንም መልእክት የማያሳየው ስህተት ነው። ይኸውም መፈተሻውን ለሕዝብ ክፍት በሆነው ሰርቨር ላይ መተው ነው። ከ4.8.28 በፊት በነበሩትና በአምስተኛው ዕትም ከ5.6.3 በፊት በወጡት ውስጥ ከውጭ የሚላክለትን ኮድ ተቀብሎ የሚያስፈጽም ፋይል ይገኛል። የቬንደር ፎልደር ከኢንተርኔት የሚደረስበት ከሆነ ማንኛውም ሰው ያለ የይለፍ ቃል ሰርቨሩን ማዘዝ ይችላል። ክፍተቱ እ.ኤ.አ በ2016 የተደፈነና በ2017 በይፋ የታወቀ ቢሆንም፣ የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ኤጀንሲና የፌዴራል ምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ በጥር 2024 ባወጡት የጋራ ማሳሰቢያ አንድሮክስጎስት የተባለው አጥፊ ሶፍትዌር እንደሚጠቀምበት አስታውቀዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። መፈተሻው በተከላው ጊዜ ለግንባታ ሥራ ብቻ የሚያገለግል ተብሎ ይመዘገባል፤ ወደ አገልግሎት ሰርቨር ሲሸጋገርም ኮምፖዘር እነዚህን እንዲተው ይታዘዛል። ለሕዝብ ክፍት የሚሆነውም ለዚሁ የተዘጋጀው ፎልደር ብቻ ይሆናል።

የድረ ገጽ ሥራን በውል የሚያሠሩ ኃላፊዎች ሥራውን ሲረከቡ ሦስት ነጥቦችን ሊጠይቁ ይገባል። የፍተሻ ፋይሎቹ ከፕሮግራሙ ጋር መቅረባቸውን፣ ተከላው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተደግሞ መሥራቱን፣ እንዲሁም መፈተሻው ከአገልግሎት ሰርቨሩ ላይ አለመኖሩን ነው። ሦስቱም በርክክቡ ዕለት በተግባር ሊታዩ የሚችሉ ናቸው።