አንዲት ጠብታ እንደ ሙከራ ማሳ

ባቄላ፣ ሽምብራ ወይም አኩሪ አተር ሲዘራ ሕያው ማዳበሪያ የተጠቀመ አርሶ አደር አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከዘሩ ጋር የታሸው ያው ማዳበሪያ አንዱን ማሳ ሲያለመልም፣ ድንበርተኛው ማሳ ላይ ለውጥ ላይታይ ይችላል። አንዳንዴ ችግሩ የአያያዝ ነው፤ ፓኬቱ ፀሐይ ላይ ከዋለ ወይም ጊዜው ካለፈ በውስጡ ያለው ራይዞቢየም የተባለው ባክቴሪያ ይሞታል። የአፈር አሲዳማነትም ይጎዳዋል። ይህ ሁሉ በሌለበት ማሳ ላይ ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ ግድ ይላል፤ እሱም የባክቴሪያው ጎረቤቶች ናቸው።

አፈር ባዶ ቤት አይደለም። አዲስ ገቢው ባክቴሪያ ቀድመው ከሰፈሩት ጋር ምግብ ይሻማል። ገሚሶቹ ያዳክሙታል፣ ገሚሶቹ ደግሞ ያግዙታል። አጋዦቹ ተለይተው ቢታወቁ ዋናውን ባክቴሪያ ከነረዳቶቹ አሽጎ ለገበሬው ማቅረብ ይቻላል።

አስቸጋሪው ብዛቱ ነው። 19 ዓይነት የአፈር ባክቴሪያ ብቻ ቢወሰድ፣ ሁለት ሁለት ሲጣመሩ 171፣ ሦስት ሦስት ሲሆኑ 969፣ ሰባት ሰባት ሲሆኑ 50,388 ጥምረት ይወጣቸዋል። ሁሉም ሲደመር ከ524 ሺህ ያልፋል። 96 ጉድጓድ ባለው የተለመደ የቤተ ሙከራ ሳህን እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ለመሞከር ከ5,400 በላይ ሳህን ያስፈልጋል።

በአሜሪካ የብሮድ ኢንስቲትዩትና የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ያደረጉት ኬ-ቺፕ የተባለ መሣሪያ ለዚህ መላ አበጅቷል። እያንዳንዱ ባክቴሪያ መለያ ቀለም ባለው ፈሳሽ ውስጥ ሆኖ፣ በዘይት መካከል የአንድ ሊትር ቢሊዮንኛ ወደሚያህሉ ጠብታዎች ይከፋፈላል። ውሃና ዘይት ስለማይዋሃዱ እያንዳንዷ ጠብታ እንደተከደነች ማሰሮ ትሆናለች። ጠብታዎቹ ተደባልቀው ቺፑ ላይ ሲፈሱ፣ ጥቃቅን ጉድጓዶች የተወሰነ ቁጥር ያላቸውን ጠብታዎች እንዳጋጣሚ ይይዛሉ። ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚገባ የሚወስን ሰውም ሮቦትም የለም፤ ዕጣ ነው። ማይክሮስኮፑ ቀለሞቹን አይቶ የየጉድጓዱን ነዋሪዎች ይለያል። ከዚያም በኤሌክትሪክ ኃይል ጠብታዎቹ ይዋሃዳሉ፣ ባክቴሪያዎቹ ይገናኛሉ፣ ዕድገታቸውም በብርሃን ይለካል።

ተመራማሪዎቹ በዚህ መንገድ 100,000 ያህል ጥምረቶችን ፈትሸዋል። ረዳት የፈለጉለት ሄርባስፒሪለም ፍሪሲንጀንሴ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን፣ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለዕፅዋት በሚስማማ መልክ ይለውጣል። በአገራችን ለመኖ የሚተከለው ዝሆኔ ሳር ከተገኘባቸው ዕፅዋት አንዱ ነው። ዕድገቱን የሚያፋጥኑለት ቡድኖች ተገኝተዋል። የሚመገቡት የካርቦን ዓይነት ሲለወጥም ሆነ ሌላ ባክቴሪያ ሲጨመር እገዛቸው አልተቋረጠም። ማሳው ከማሳ ለሚለያይበት ገበሬ ከቁጥሩ ብዛት ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው።

ጠብታ ውስጥ ግን ሥር የለም፤ ዝናብም፣ ውርጭም፣ የውሃ መተኛትም የለም። እዚያ ያለፈ ቡድን ቀጥሎ በዕቃ በተተከለ ሰብል ላይ፣ ከዚያም በማሳ ላይ መፈተን አለበት። ቴክኖሎጂው የሚያሳጥረው የመጀመሪያውን ምርጫ ነው እንጂ የወረዳ ባለሙያውንና የአርሶ አደሩን ሥራ አይተካም። ስለዚህ ማንኛውም አዲስ ሕያው ማዳበሪያ ወደ ቀበሌ ሲመጣ፣ በዚያው ማሳ ላይ ማዳበሪያው ያልነካው ማነጻጸሪያ መደብ መተው ይገባል። የጥራጥሬ ሰብል ከሆነ፣ አበባ ሲይዝ ከሁለቱም መደብ ጥቂት ተክሎችን ሥራቸው ሳይበጠስ በጥንቃቄ ቆፍሮ ማውጣት፣ በሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች መቁጠርና በምላጭ ሰንጥቆ ማየት ነው። ውስጣቸው ቀላ ካለ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው፤ ከነጣ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ናይትሮጅን እያቀረበ አይደለም።